አግዳሚው የተሸከመው

በአንድ እጄ 20 ሊትር ውሃ ላነሳ ፈልጌ ነበር። ነገሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ያለቀው ደግሞ አንድ ልጅ ከቤታችን ተባሮ ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህቺን አጭር ቃል ከአፌ ለማውጣት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

የልጁን ስም እዚህ አልጽፍም። አንዴ ያለ ፈቃዱ ጠርቼዋለሁ፤ ይበቃዋል።

አባቴ ሸማኔ ነበር። በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ እንጦጦ ሥር፣ ሽሮ ሜዳ ከተመ፤ እኔም እዚያው ተወለድኩ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች። ሰፊውን ክፍል የያዘው የሽመናው እቃ ነው፤ እኛ በጠባቡ ተደራርበን እንተኛለን። የሸማኔ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፦ መሬቱ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጥና እግሩን ወደ ታች ሰድዶ ሁለቱን መርገጫዎች ያገኛል። ድሩ ከፊቱ ተወጥሮ እስከ ክፍሉ ጥግ ይዘልቃል። ድሩን ግማሹን ወደ ላይ፣ ግማሹን ወደ ታች እየለዩ የሚከፍቱት ሁለቱ የክር መለያዎች ከላይ ካለው አግዳሚ እንጨት በገመድ ይንጠለጠላሉ። አባቴ በቀኝ እግሩ ሲረግጥ አንደኛው መለያ ይወርዳል፤ ገመዱ በድቡልቡሉ እንጨት ላይ ዞሮ ሌላውን ያነሳዋል። በግራው ሲረግጥ የወጣው ይወርዳል፣ የወረደው ይወጣል። በተከፈተው መሐል መወርወሪያው ማጉን ይዞ ሽው ይላል። ቀኝ፣ ሽው፤ ግራ፣ ሽው። ያደግኩት በዚህ ድምፅ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ የሳይንስ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ክብ ሣለ፤ በክቡ ላይ ገመድ አዞረ፤ በገመዱ ጫፍ ድንጋይ አንጠለጠለ። “መዘውር” አለን፤ “ፑሊም ይባላል።” እኔ ደግሞ በሆዴ “ይሄማ እኛ ቤት አለ” አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርና ፑሊ ያዘኝ። በሽታ ብለው ይቀላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በልብስ ሰፊዎቹ በር እያለፍኩ ክሩ ያለቀበትን ባዶ ማጠንጠኛ እለቅማለሁ። መሐሉ ቀዳዳ ነው፤ ምስማር ሲገባበት ይሽከረከራል፤ ሲባጎ ሲዞርበት አይወጣም። ከዚህ የተሻለ ፑሊ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከየት ይመጣል?

በባሕር ዛፍ ጭራሮ ክሬን ሠራሁ። የሚነሳና የሚወርድ ድልድይ ሠራሁ። ከሸምበቆ አምስት ጣት ያለው እጅ ሠርቼ በየጣቱ ውስጥ ክር አሳለፍኩ፤ ክሩን ስስበው ጣቱ ይታጠፋል፤ ስለቀው ግን እንደታጠፈ ይቀራል። ሁለት ቀን ከተናደድኩ በኋላ ነገሩ ገባኝ፦ ክር ይስባል እንጂ አይገፋም። ጣቱ እንዲመለስ ከጀርባው ሌላ የሚስበው ያስፈልገዋል። ላስቲክ አሰርኩለትና ተመለሰ። የገዛ እጄን እያጠፍኩና እየዘረጋሁ አየሁት፤ የእኔም ጅማት እንዲሁ በሁለት ወገን ይሳሳባል።

በዚህ ሁሉ ብቻዬን አልነበርኩም። አባቴ ጋ ሽመና ሊማር ከጨንቻ አካባቢ የመጣ ተለማማጅ ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። የአባቴ የአገር ልጅ ነው፤ አባቴን “ጋሼ” ይለዋል። ሲመጣ አማርኛው ከእኔ ጋሞኛ አይሻልም ነበር፤ በሁለት የተሰበረ ቋንቋ ተግባባን። ቀን ማግ ያጠነጥናል፣ ቀሰም ይሞላል፣ ውሃ ይቀዳል፤ ማታ እኔ የቀጠቀጥኩትን ያያል። የሸምበቆው እጅ ሲኒ የጨበጠ ዕለት መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ቋጠሮም ያስተማረኝ እሱ ነው። ሸማኔ የተበጠሰ ድር የሚቀጥልበት ቋጠሮ አለ፤ ከምስር ፍሬ ያነሰ፣ በመለያው ውስጥ ሲያልፍ የማይያዝ፣ ሲስቡት የባሰ የሚጠብቅ። ጣቴን በጣቱ ይዞ ደጋግሞ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ፑሊዎቼን ሁሉ የማስረው በእሱ ቋጠሮ ሆነ።

አስተማሪያችን ሌላም ነገር ነግሮን ነበር። አንድ ፑሊ ከላይ ተሰቅሎ ሸክሙን በአንድ ገመድ ብታነሳው የሚለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው፤ ወደ ላይ ማንሳቱ ቀርቶ ወደ ታች መሳብ ይሆናል። አንዱን ፑሊ ከሸክሙ ጋር ብታስረውና ሸክሙ በሁለት መስመር ገመድ ቢያዝ ግን ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ በአራት መስመር ቢያዝ ሩብ ይሆናል። ክፍያው በርዝመት ነው፦ ሸክሙ አንድ ሜትር እንዲወጣ አራት ሜትር ገመድ መሳብ አለብህ። አባቴ ዘወትር “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ሲል ስለ ሰው የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስለ ፑሊም ነው። እኔም አንበሳዬን መረጥኩ፦ ውሃ የሞላ ጀሪካን።

ጊዜው ጥር 1984 ዓ.ም. ነው። ጥር ለሸማኔ የሠርግ ወር ነው። አባቴ ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ታዞ፣ ቀብድ ተቀብሎ፣ ድሩን አድርቶ፣ ጥለቱን አጋምሶ ነበር። በዚያች ቀን ያለቀለትን ነጠላ ይዞ ገበያ ወጣ፤ እናቴ ጎረቤት ድግስ ልታግዝ ሄደች። ልጁ ከቦኖ አንዱን ጀሪካን ሞልቶ አምጥቶ በር ሥር አስቀመጠና ሁለተኛውን ይዞ ወደ ወረፋው ተመለሰ። ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። አራት ፑሊዬን አወጣሁ።

ማን ሸክሙን ይሸከማል? ከአግዳሚው በላይ ጠንካራ ነገር ቤቱ ውስጥ አልታየኝም። አግዳሚው ከሁለት ምሰሶ ጋር በጠፍር የታሰረ እንጨት ነው፤ የተሠራው ሁለቱን መለያዎች ሊይዝ እንጂ ለሌላ ሥራ አይደለም። እኔ ግን ሒሳቤን ሠርቻለሁ፦ ሃያ ኪሎ ለአራት መስመር፣ አምስት ኪሎ። አምስት ኪሎማ ይችላል። ድሩ ከሥሩ እንደተወጠረ ነው፤ እሱን ለማንሳት ጊዜ አላጠፋሁም። ሁለቱን ፑሊ ከአግዳሚው፣ ሁለቱን ከጀሪካኑ እጀታ አሰርኩ፤ ገመዱን በአንድ እጄ ሳብኩ።

ተነሳ። መጀመሪያ አንድ ስንዝር፣ ከዚያ እስከ ጉልበቴ፣ ከዚያ ከድሩ በላይ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አልክድም፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ክንዴን ቀለል ይለዋል። ከራሴ በላይ ግን እንጨቱ ሲያቃስት እየሰማሁ ነበር። ሰምቼም ሳብኩ።

ጠፍሩ በአንድ ወገን ተበጠሰ፤ አግዳሚው ጎንበስ ሲል ጀሪካኑ ድሩ መሐል ወደቀ። ክዳኑ ተፈናጥሮ ውሃው ጥለቱን አርሶ ወደ ጉድጓዱ ገባ። አንዱ መለያ ተቀደደ። የተወጠረው ድር በብዙ ቦታ ተበጥሶ እንደ ተነቀለ ፀጉር ተንጨባረረ።

አሁን የምጽፈው ከመሰበሩ ይብሳል። መጀመሪያ ያነሳሁት ድሩን አልነበረም። ፑሊዎቼን ፈታትቼ፣ ሲባጎውን ጠቅልዬ፣ አልጋ ሥር ደበቅኩ። ከዚያ በኋላ ነው ለድሩ ያለቀስኩት።

አባቴ ገባ። አየ። “ማነው?” አለ። የልጁን ስም ጠራሁ። ከዚያ በላይ አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ የቀረውን ጀሪካኑ ተናገረልኝ። ውሃ የሚቀዳው እሱ ነው፤ ጀሪካኑ በእጁ የኖረ ነው።

ልጁ ሁለተኛውን ጀሪካን ተሸክሞ ደረሰ። ገና ከትከሻው ሳያወርደው አባቴ በጋሞኛ ተቆጣው። ልጁ መጀመሪያ ድሩን አየ። ቀጥሎ ቀና ብሎ አግዳሚውን አየ። እኔም ዓይኑን ተከትዬ አየሁ፤ በጥድፊያ ያልፈታኋት አንዲት የሲባጎ ጫፍ እንጨቱ ላይ ቀርታለች፤ እሱ ባስተማረኝ ቋጠሮ ታስራለች። ከዚያ እኔን አየኝ። ጣቱን ቢያነሳ አበቃልኝ ነበር። አላነሳም። በጌታው ልጅ ላይ የሚመሰክር ተለማማጅ የት እንደሚደርስ ያውቃል፤ እኔም እሱ እንደሚያውቅ አውቃለሁ። የዋሸሁት በዚያ ተማምኜ ነው።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልመታውም። ቀብዱ ተበልቷል፣ ድሩ እንደገና ይገዛል፣ ሠርጉ አይጠብቅም። በሳምንቱ የመሳፈሪያ ሰጥቶ ወደ አገሩ ሰደደው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከጋሞ ውጭ ላለ ሰው ላስረዳ። ጋሞ አገሩ የሚገባው ለመስቀል ነው። አዲስ አበባ ያለ ሸማኔ ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥበው ለመስከረም ነው፤ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ለቤተሰቡ ስጦታ ይዞ ሲገባ ዘመድ አዝማድ ወጥቶ ይቀበለዋል። በጥር ባዶ እጁን የሚመጣ ልጅ አፉን ሳይከፍት ታሪኩ ይነበባል። እኔ የላክሁት በጥር ነው።

የእኔ ሐዘን ሦስት ሳምንት አልቆየም። አልጋ ሥር ያሉትን ፑሊዎች አወጣሁና ሌላ ክሬን ሠራሁ።

ያ ሥራ እንጀራዬ ሆነ። ዛሬ የአሳንሰር ቴክኒሻን ነኝ፤ አብዛኛው ሰው ሊፍት የሚለውን የምተክልና የምጠግን። ሙያውን ስጀምር ያስተማረኝ አንድ አንጋፋ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ወለሉ ላይ በጠመኔ አራት መስመር ያለው ፑሊ ሣለልኝና “ሸክሙ 20 ኪሎ ነው፤ እጅህ ስንት ይስባል?” አለኝ። “አምስት” አልኩ ኮራ ብዬ። “ላይ ያለውስ ስንት ይሸከማል?” ዝም አልኩ። ሸክሙ ሃያ ኪሎ ነው፤ እኔ ወደ ታች የምስበው አምስት ኪሎም የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። “ሃያ አምስት” አለኝ፤ ቀጥሎም ቀለል አድርጎ “እጅህን ደስ ሲለው ቀና ብለህ እይ” አለ። ለእሱ የሥራ ምክር ነበር። እኔ ግን የዚያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

በኋላ በእጄ ልፈትነው ፈለግኩ። አንድ እሑድ ቤቴ ሁለት የሚንጠለጠል ሚዛን አመጣሁ፤ ሻንጣ የሚመዘንበትን ዓይነት። አንዱን ከበሩ በላይ አንጠልጥዬ አራቱን የማጠንጠኛ ፑሊ እሱ ላይ ጫንኩ፤ ሌላውን በምስበው ገመድ ጫፍ አሰርኩ። ሸክሙ ሁለት ሊትር ውሃ ነው። ስስብ የእጄ ሚዛን ግማሽ ኪሎ ማሳየት ሲገባው በማጠንጠኛውና በምስማሩ ሰበቃ ምክንያት ወደ 0.7 ኪሎ አሳየ። የላይኛው 2.7 አሳየ። ሸክሙም ጉልበቴም፣ ሰበቃው የበላው እንኳ ሳይቀር፣ ዞሮ ዞሮ ከላይ ባለው ላይ ወደቀ። እጄ ላይ የቀነሰው ክብደት የትም አልጠፋም።

ሥራዬ ይህንኑ በየቀኑ ያሳየኛል። የአሳንሰሩ ካቢን በአንድ ወገን ይንጠለጠላል፤ በሌላው ወገን ካውንተርዌይት የምንለው ክብደት ይንጠለጠላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የባዶውን ካቢንና ከሚጭነው ሸክም ግማሽ ያህሉን ይመዝናል። ሞተሩ የሚታገለው በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት ጋር ብቻ ስለሆነ ይቀለዋል። ከላይ ያለው ብረት ግን ሁለቱንም ይሸከማል። ተሳፋሪው ቁልፍ ተጭኖ ይወጣል፤ ስለዚያ ብረት የሚያስብ የለም። እኔም በቤታችን እንዲህ ነበርኩ። ጥፋቴ ቀለለኝ፤ የተሸከመው ሌላ ነበር።

ስለ ክርና ገመድ ያነበብኩት ሁሉ ዞሮ ወደዚያች ቀን ይወስደኛል። የካታሎኒያው አርክቴክት ጋውዲ በባርሴሎና አጠገብ ኮሎኒያ ጉዌል ለሚባለው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ሲያቅድ ከጣሪያ ላይ ክር አንጠልጥሎ፣ በክሩ ላይ የእርሳስ ፍሬ የሞሉ ትንንሽ ከረጢቶች አስሮ ነበር። ሥራው ዓመታት ፈጀ። ክሮቹ ክብደቱ እንደሳባቸው ቅርጽ ይይዛሉ፤ ፎቶግራፉ ሲገለበጥ ቅስቱና ምሰሶው መቆም ያለበትን መስመር ያሳያል። የተንጠለጠለ ክር መዋሸት አይችልም፤ የተሸከመውን ያህል ይጎብጣል። እኔ በዚያ ሁሉ ክር መሐል ቆሜ ዋሸሁ።

የአሳንሰሩ ሰው ኦቲስ ደግሞ በ1854 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሕዝብ በተሰበሰበበት መድረክ ላይ ወጣ፤ የተንጠለጠለበትን ገመድ በመጥረቢያ አስቆረጠ። መድረኩ ጥቂት ወርዶ ቆመ፤ የፈጠረው መያዣ ያዘው። ሰው ከዚያ ወዲህ በአሳንሰር ለመሳፈር ልቡ ተረጋጋ፤ ገመድ እንደሚበጠስ በግልጽ አሳይቶ፣ ሲበጠስ ምን እንደሚሆንም አሳይቷልና። የእኔ ገመድ ሲበጠስ ያደረግኩትን ጽፌያለሁ፤ አልጋ ሥር ነው የከተትኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አርባ ምንጭ አንድ ሆቴል አሳንሰር ልተክል ሄድኩ። ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ማለዳ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ስሠራ ፊቴን ወደ አባያና ወደ ጫሞ ሐይቅ አዞራለሁ፤ ተራራው ከጀርባዬ ነው። እሑድ ዕረፍት ነበረኝ። መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ። አድራሻውን አላውቅም አልኩ፤ ሸማኔ በሸማኔ እንደሚገኝ እያወቅኩ። በዐሥረኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ገባሁ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ የሠራሁትን ልጅነት ሊሸፍንልኝ ይሞክራል፤ ይህንን ምንም አይሸፍነውም።

አባቴ ሳይሰማ አረፈ። እናቴን ባለፈው ዓመት ቡና እያፈላች ነገርኳት። ረከቦቱን ትኩር ብላ አየችና “እኔን ምን አደረግከኝና ለእኔ ትናዘዛለህ?” አለችኝ። ሁለተኛውን ቀዳች፤ ሦስተኛውን ሳትቀዳ ተነሳች።

ልክ ነበረች። ለማይመለከተው ሰው መናዘዝም አንድ ፑሊ ነው፤ የራስን እጅ ያቀላል። ስለዚህ እውነቱ የልጁ ወሬ ወደሄደበት እንዲሄድ ጻፍኩት።

በሥሬ የሚሠሩ ልጆች አሉኝ። ገመድ ሲላጥ፣ ብሎን ሲላላ “ማነው?” አልልም፤ “ምን ሆነ?” ብዬ ወደ ላይ እወጣለሁ። የበኩር ልጄ ደግሞ በባዶ ማጠንጠኛ ክሬን ይሠራል። “ከመሳብህ በፊት ማን እንደሚሸከምልህ እይ” እለዋለሁ፤ የምነግረው ስለ ክሬኑ ብቻ ይመስለዋል።

በሽሮ ሜዳም፣ በጨንቻም፣ በዶርዜም ያላችሁ ሸማኔዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በጥር 1984 ዓ.ም. የጌታውን ድር አበላሽቶ ከሽሮ ሜዳ ተባረረ የተባለ ልጅ ዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው ሰው ነው። ወሬው ካለ አርሙት። እሱን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩልኝ፤ ወደ ደጋው መውጣቱ የእኔ ዕዳ ነው፤ ለመጪው መስቀል ትኬቴን ቆርጫለሁ። እሱ ባይቀበለኝም ሰፈሩ ይስማ። በዚያን ቀን ልጁ ቦኖ ወረፋ ላይ ነበር። ጀሪካኑን የሰቀልኩት እኔ ነኝ።